የሐሪስ መጽሐፍና የይፋት አደባባይ

በ1844 በለንደን ከተማ በሦስት ቅጽ ታትሞ የወጣው፣ «የኢትዮጵያ ደጋ አገሮች» የተሰኘው የዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ መጽሐፍ፣ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት (1813–1847) የሚጽፍ ሁሉ ሳይጠቅሰው የማያልፍ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሰነዶቹን ተከትለው በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ሐሪስ የቦምቤይ መሐንዲሶች ጦር መኮንን ነበረ። የላከው የቦምቤይ መንግሥት ሲሆን፣ መነሻ ምክንያቱም ኤደን ነበረች። ይህች ወደብ በጥር ወር 1839 በእንግሊዝ እጅ ከወደቀች በኋላ በቦምቤይ ሥር ትተዳደር ነበርና፣ ከወዲያኛው የባሕር ዳር ጋራ የንግድና የወዳጅነት መንገድ መክፈት ለአዲሱ ቅኝ ግዛት የኑሮ ጥያቄ ነበረ። በ1841 ክረምት ሸዋ የገባው መልእክተኛ በ1843 መጀመሪያ ተመልሶ ሲሄድ፣ በንጉሡ አደባባይ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ቆይቶ ነበር። መጽሐፉ የዚያ ዓመት መዝገብ ነው። ይሁን እንጂ ዓመቱ የማን ዓመት፣ አደባባዩስ የማን አደባባይ እንደ ሆነ ተጠይቆ በሚገባ አልተመረመረም። ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ይፋትን ነው፤ ሐሪስም ሆነ ከእርሱ በፊትና በኋላ በታጁራ መንገድ የመጡት አውሮፓውያን ሸዋን የረገጡት በይፋት በር ገብተው ነውና።

ከርእሱ መጀመር ይገባል። ደራሲው መጽሐፉን በደጋ ስም ሰየመው። የመጀመሪያው ቅጽ አብዛኛው ግን ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሓ የተደረገውን ጉዞ ይተርካል፤ ስለዚህ ለቆላው የተሰጠው ወረቀት አነስተኛ አይደለም። ነገር ግን ቆላው ሁሉ የቀረበው ደጋው እስኪደረስበት ድረስ የሚቻል መከራ ሆኖ ነው። ፀሐይ፣ ጥማት፣ የግመል ነጂ ጭቅጭቅ፣ የሌሊት ፍርሃት፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ማሳው ይለመልማል፣ የደራሲውም ልብ ይረጋል። በዚህ አቀማመጥ ይፋት አገር መሆኑ ቀርቶ ደረጃ ይሆናል። አንባቢው ፋሬን ረግጦ፣ አልዩ አምባን አልፎ፣ ወደ አንኮበር ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ወደ ታች የሚመለከተው የሚያስፈራ ወይም የሚያስቅ ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

የጸሐፊውን ጠባይ ማወቅ ለዚህ ይረዳል። ሐሪስ ወደ ሸዋ ከመምጣቱ በፊት በ1836 እና በ1837 በደቡባዊ አፍሪቃ በአደን የተመላለሰ፣ ስለዚያም መጽሐፍ አሳትሞ ስም ያገኘ ሰው ነበረ። የአዳኝ ብዕር የምድርን መልክ፣ የአውሬውን ቀለምና የተኩሱን ቅጽበት ለማሳየት የታደለ ነው፤ ሐሪስም በዚህ በኩል የሚታማ አይደለም። ስለ ሰው በሚጽፍበት ጊዜ ግን ያው ዓይን ከሩቅ የሚያነጣጥር ይሆናል። በዚህ ላይ ከታጁራ ሲጓዙ ከአጃቢዎቹ ሦስቱ በሌሊት ተገድለውበታል። ከዚያ ሐዘን የወጣ ሰው የቆላውን ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀለም ቢቀባ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ቀለሙ ወደ ይፋት ሲሻገር ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። በአፋር በረሓና በአዋሽ ማዶ የነበረው ጥርጣሬ፣ በእርሻና በሽመና፣ በንግድና በትምህርት የሚኖረውን የአርጎባ መንደረኛ ሁሉ ይጠቀልለዋል። ስለ አጻጻፉ ጌጥ ብዙ ማለት አያሻም፤ አንድ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አንድ ገጽ የሚያልቅበት መጽሐፍ ነው።

የፋሬው ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። ፋሬ በቆላው ጫፍ ያለች የሸዋ በር ነበረች። ከባሕር የመጣ ቅፍለት ሁሉ በዚያ ይቆማል፣ ጓዙ ይቈጠራል፣ ወሬው ወደ ንጉሡ ይላካል፣ ፈቃድ እስኪመጣም ድረስ እንግዳው ይጠብቃል። የዚህ ሁሉ ባለሥልጣን የይፋት ባላባት የነበሩት ወላስማ መሐመድ ናቸው። ሐሪስ ወላስማውን የሚሥላቸው በንቀት ነው፤ ስለ እጅ መንሻው ጓዝ አጠባበቅ የተነሣውንም ክርክር እንደ አንድ ስግብግብ ሹም ተንኮል አድርጎ ያቀርበዋል። ደራሲው የጻፈውን ድርጊት ሳይለውጡ ከሹሙ ወገን ሆነው ቢያነቡት ግን ሌላ ነገር ይታያል። የንጉሥ እንግዳና የንጉሥ ዕቃ በበሩ በሚገባበት ጊዜ የበሩ ጌታ ካልተረከበውና ካላስረከበው፣ በኋላ ለሚጎድለው የሚጠየቀው ራሱ ነው። ወላስማ መሐመድ በዚያ ቀን የተከራከሩት ስለ ሥልጣናቸው ወሰን ነበረ። ሐሪስ ደግሞ የንግሥት መልእክተኛ ነኝና ከንጉሡ በቀር ማንም አያዘኝም የሚል ነው። እንግዲህ የተጋጩት ሁለት የአደባባይ ሥርዓቶች ናቸው፤ መጽሐፉ ግን አንዱን ሥርዓት፣ ሁለተኛውን ዐመል ብሎ ይጠራቸዋል።

ወላስማ የሚለው ማዕረግ ራሱ ሊያቆመው ይገባ ነበር። ይህ ስም በ1285 የሸዋን እስላማዊ መንግሥት ጠቅልሎ በይፋት የነገሠው ሥርወ መንግሥት ስም ነው። ያ መንግሥት በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመትና ከዚያ በኋላ ከሰሎሞናውያን ነገሥታት ጋራ ሲዋጋና ሲገብር ኖሮ ከፈረሰ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ ስሙ በአንድ ክርስቲያን ንጉሥ አገልጋይ ላይ ማዕረግ ሆኖ መገኘቱ ተራ ነገር አይደለም። የመንዝ መኳንንት ልጆች የሆኑት የሸዋ ገዢዎች ወደ ምሥራቅ ቁልቁል በሰፉ ጊዜ፣ ቆላውን የያዙት የቆላውን የጥንት ስም በማጥፋት ሳይሆን በማዕረግነት በማቆየት ነው።

ይህ በይበልጥ የሚገለጠው በጎንጮ ነው። የሸዋ ገዢዎች በግሼንና በኋላም በወህኒ አምባ የነበረውን ልማድ ተከትለው፣ ለዙፋን የሚያሰጉ ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን በጎንጮ ያስሩ ነበር። ሐሪስ ልዑላኑ ከእስር የተፈቱበትን ቀን በብዙ እንባ ይተርካል፤ ለመፈታታቸውም ራሱን ምክንያት ያደርጋል። እውነትም በንጉሡ ላይ የነበረው የመልእክተኞቹ ግፊት ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። የእንግሊዝ አንባቢ ግን በሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የታተመውን የራሴላስን ልብ ወለድ ታሪክ አንብቦ፣ የታሰረ የሐበሻ ልዑል ምን ዓይነት እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቅ ነበርና፣ ትዕይንቱ የተቀናበረው ለዚያ አንባቢ ይመስላል። በትዕይንቱ ጥላ ውስጥ የቀረው ዋናው ነገር የወህኒው ጠባቂ ማን እንደ ነበረ ነው። ጎንጮ በወላስማው እጅ ነበረ። የክርስቲያኑ ንጉሥ የገዛ ወንድሞቹን፣ ማለትም አንድ ቀን ሊነግሡበት የሚችሉትን ሰዎች፣ ለእስላሙ የይፋት ባላባት በአደራ አስረክቦ ይተኛ ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የደጋ መኳንንት ከእስረኞቹ አንዱን አውጥቶ ሊያነግሥ ይችላል፣ ወላስማው ግን ከዙፋኑ ውጭ ስለ ሆነ በዚያ ጨዋታ ትርፍ የለውም። ስለ ሸዋ መንግሥት አሠራር ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ በሦስቱም ቅጽ ውስጥ በብዙ አይገኝም፤ ደራሲው ግን ስለ ሰንሰለቱ ክብደት ሲጽፍ አልፎታል።

አሁን ወደ ዓመቱ እንመለስ። በሐሪስ መጽሐፍ ዓመት የሚቈጠረው በንጉሡ ነው። በክረምት አቀባበልና እጅ መንሻ፤ መድፍና ጠመንጃው በንጉሡ ፊት ሲተኮስ የሕዝቡ መደነቅ፤ በመስቀል የጭፍራ ሰልፍ፤ ክረምቱ ሲያልፍ በኦሮሞ አገር ላይ የሚደረግ ዘመቻ፤ ከዚያ ጥምቀት፣ ጾም፣ ፋሲካ። ይህ እውነተኛ ዓመት ነው፤ በደጋው የሚኖር ሹም፣ ቄስና ጭሰኛ የሚያውቀው ዓመት ነው። በተለይ ዘመቻውን የሚገልጡት ምዕራፎች ምትክ የላቸውም። ሐሪስ በዚያ ዘመቻ ከንጉሡ ጋራ ወርዶ፣ የመንደር ቃጠሎውን፣ የከብት ዘረፋውንና የሰው ግድያውን በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ የኦሮሞን ሕዝብ የሚጠራበት ስም ዛሬ የማይነገር የንቀት ስም ቢሆንም፣ በላያቸው የወረደውን መከራ አልደበቀም። የቤተ መንግሥቱን ማዕረግ፣ የደጅ ጥናቱን ሥርዓት፣ የባልደረባውን ሥራ በሚጽፍበትም ቦታ ብዙ ጥቅም አለው።

የይፋት ቆላ ዓመት ግን በሌላ ነገር ይቈጠር ነበር። የጁምዓ ስግደት ሳምንቱን ይከፍለዋል፤ ረመዳን በጨረቃ እየተቈጠረ ከክረምት ወደ በጋ፣ ከበጋ ወደ ክረምት ይዞራል፤ ቅፍለቱ ደግሞ ውኃና ሣር ባለበት ወራት ይመጣል። አርብ በአልዩ አምባ ገበያ ይቆም ነበር። ሐሪስ ገበያውን ሳያየው አልቀረም፤ ገልጦታልም። አገላለጡ ግን ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው፤ ልብሱ፣ ጩኸቱ፣ የቀለሙ ብዛት፣ የሽታው ክፋት። ማን ከማን ጋራ እንደሚገበያይ፣ ደላላው በማን በኩል እንደሚቆም፣ ያልተከፈለ ዕዳ በምን ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ከእርሱ አይገኝም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ መጽሐፍ በዚያው በ1844 ታትሟል። ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ሐኪም በ1842 በዚያው በአፋር መንገድ ለብቻው መጥቶ፣ በወባ ንዳድ እየተያዘ በአልዩ አምባ ለብዙ ወራት ተቀመጠ። በሁለት ቅጽ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ቅሬታ የበዛበት ነው፤ ከመልእክተኞቹ ጋራ አልተስማማም፣ ቅያሜውንም አልሸሸገም። እንዲያውም ቅያሜው እርሱ ብቻ አልነበረም። ከሐሪስ አስቀድሞ ሸዋ የደረሰው ቻርልስ ቢክ ከመልእክተኞቹ ጋራ ስለ ነበረው ክርክር የተለየ መግለጫ እስከ ማሳተም ደርሷል። ስለዚህ ጆንስተንን እንደ ገለልተኛ ምስክር መቀበል አይገባም። ነገር ግን የታመመና ገንዘብ ያነሰው እንግዳ የሚያየውን፣ ባለ ብዙ አጃቢ መልእክተኛ ማየት አይችልም። ጆንስተን ከአልጋው ሆኖ እንጀራው ሲጋገር፣ ጥጥ ሲፈተል፣ ጎረቤት ሲጣላና ሲታረቅ ይሰማል። አሞሌው በብር ስንት እንደ ሆነ የሚያውቀው ለራሱ ጉርሻ ስለሚመነዝር ነው።

ስለ ድርጎ የሁለቱን ጽሑፍ ማነጻጸር ይበቃል። ድርጎ ለንጉሥ እንግዳ በየዕለቱ ወይም በየጊዜው የሚሰጥ ቀለብ ነው። በሐሪስ ዘንድ የንጉሡ ቸርነት ምልክት ነው፤ ይመጣል፣ ይቈጠራል፣ ምስጋና ይቀርባል። በጆንስተን ዘንድ ግን ድርጎ የዕለት ጭንቀት ነው። ዛሬ መጣ፣ ነገ ቀረ፣ ከሹሙ ዘንድ ሰው ተላከ፣ ሹሙ የለም ተባለ። ከዚህ አንባቢው የሚረዳው ድርጎ ገመድ መሆኑን ነው። ቀለቡን የሚቀበል ሰው ያለ ንጉሡ ፈቃድ ሊሄድ አይችልም፤ ቀለቡን የሚያደርሰውም የአገሩ ሹም እንግዳውን በጥበቃው ሥር ያደርገዋል። የይፋት ሹማምንት ለባዕድ ሰው የንጉሡን ኃይል ያሳዩ የነበረው በጦር ሳይሆን በእንጀራና በማር ነበረ።

ገበያውን ከጨው ጀምሮ ማየት ይሻላል። በሸዋ ሁለት ዓይነት ጨው ይገኝ ነበር። አንደኛው እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው፣ ተጠርቦ በሰሜን በኩል የሚመጣው አሞሌ ነው። ሁለተኛው የአፋር ነጋዴዎች ከአሳል ሐይቅ በግመል ጭነው የሚያመጡት ጨው ነው። ሐሪስ በአሳል ሐይቅ ዳር ያለፈበትን ቀን በታላቅ ምሬት ጽፎታል፤ የዚያ ሐይቅ ጨው በአልዩ አምባ ሲራገፍ፣ የአፋሩ ግመል ነጂም ከደጋው ገበሬ ጋራ የሚገናኝበት ምክንያት ያ ጨው መሆኑን ግን አያያይዘውም። የበረሓው ምዕራፍና የገበያው ምዕራፍ በመጽሐፉ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ዓለማት ናቸው። ለይፋት ሰው አንድ መንገድ ነበሩ።

በዚያው መንገድ ወደ ባሕር የሚወርደው ሸቀጥ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሰው ነበረ። በአልዩ አምባ አጠገብ ያለው አብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ነበረ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1833 በግዛቶቹ ባርነትን የሚሽር ሕግ አውጥቶ ነበርና፣ መልእክተኛው ይህን ንግድ እንዲመረምር ግዴታ ነበረበት፤ ለቦምቤይ መንግሥት ያቀረበው ሪፖርትም በቁም ነገር የተሠራ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ጥፋቱ ከሞላ ጎደል በቆላው እስላም ነጋዴ ላይ ይወድቃል። ለክርስቲያን ሰው መነገድ የተከለከለ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ባሪያው ከየት መጣ ቢባል፣ ከፊሉ ደራሲው ራሱ ከተካፈለበት ዘመቻና ከደጋው ማዶ ካሉ ገበያዎች ነው፤ ቀረጡ ወዴት ገባ ቢባል ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ነው። ደጋው እጁን ሳያቆሽሽ፣ ቆላው ስሙን እያቆሸሸ፣ ሁለቱ በአንድ ሥራ ተሳስረው ነበር። ይህን ማሰሪያ ለማየት የሚያስፈልገው ማስረጃ ሁሉ በሐሪስ ገጾች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፤ የሰበሰበው ግን የለም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1841 ስለ ተፈረመው የንግድና የወዳጅነት ውል አጭር ቃል ይበቃል። መልእክቱ ሁሉ የተላከው ለዚህ ውል ነበረ፤ ፍሬው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ንጉሡ በ1843 ለፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ተመሳሳይ ውል መስጠታቸው የመጀመሪያው ምን ያህል እንደ ከበዳቸው ያሳያል። ለምንጭ ተቺ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ በቋንቋ በኩል መልእክተኞቹን የደገፋቸው ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነበረ። ክራፕፍ በመጋቢት 1842 ከሸዋ ወጣ፤ ሊመለስ ቢፈልግም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ከዚያ ወር በኋላ ያለውን የሐሪስ ትረካ የሚጠቀም ተመራማሪ፣ ደራሲው አማርኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቅለትን ሰው እንዳጣ ማስታወስ አለበት። አርጎብኛና አፋርኛ ይነገርባቸው በነበሩት የቆላ መንደሮች ደግሞ አስቀድሞም ቢሆን የሚሰማው በሁለት አፍ የተላለፈ ቃል ነው።

በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ሐሪስን የተጠቀሙበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1968 የታተሙት የሪቻርድ ፓንክረስት የኢኮኖሚ ታሪክና የመርዶካይ አቢር ስለ ዘመነ መሳፍንት የተጻፈ መጽሐፍ፣ ከሌሎች መንገደኞችና ከመዛግብት ጋራ እያመሳከሩ ጠቅሰውታል። አሕመድ ሐሰን ስለ አልዩ አምባ ያካሄዱት ጥናት ደግሞ ከሁሉ አልፎ አገሩን ከውስጥ፣ ከነጋዴውና ከመስጊዱ በኩል እንዲታይ አድርጓል። ችግሩ ያለው በአጫጭር የአካባቢ ታሪኮችና በተማሪዎች ድርሰቶች ላይ ነው። በእነዚህ ውስጥ የሐሪስ አንድ ዐረፍተ ነገር «የይፋት ሕዝብ ጠባይ» ተብሎ ሲወሰድ ይታያል። በአንድ ክረምት በበር ላይ የተቈጣ እንግዳ የጻፈው ቃል የሕዝብ ጠባይ ሊሆን አይችልም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ይህም የቦታ ነው። ዛሬ ይፋት ሲባል የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሸዋ ሮቢት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ያለው የሮቢ ወንዝ ሜዳ ሞቃት፣ ወባ የማያጣው፣ የቆላ እህልና አትክልት የሚያበቅል ነው። የሐሪስ መጽሐፍ ክብደት ያረፈው ግን ከዚያ በስተደቡብ ባለው በፋሬ፣ በአልዩ አምባና በአንኮበር መስመር ላይ ነው። ያ መስመር የዘመኑ ዋና መንገድ ስለ ነበረ የአገሩ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ቀረ። በኋላ ምኒልክ አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦ ሲሄዱ፣ የጅቡቲውም ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ የአልዩ አምባ ገበያ ደከመ። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጣሊያኖች በጣርማ በር ዋሻ አድርገው ያወረዱት መንገድ ደግሞ የቆላውን ኑሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት አዛወረው። እንግዲህ በ1841 ስለ ፋሬ የተጻፈውን ይዞ የሮቢትን ሜዳ መግለጥ አይቻልም። ሜዳውን ከላይ ያለውን ተዳፋት አገር ለማጥናት የተሻለው ምስክር ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከ2006 ጀምሮ ፍራንስዋ ግዛቪየ ፎቬልና በርትራንድ ኢርሽ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ባደረጉት አሰሳ፣ አስባሪ፣ ኖራና ሌሎችም የፈረሱ የእስላም ከተሞች ተጠንተዋል፤ በበሪ ይፋት ደግሞ በዐረብኛ የተቀረጸባቸው የወላስማ ሱልጣኖች መቃብሮች ተነበዋል። በ1841 በፋሬ በር ላይ እንግዳውን ያስቆሙት ሹም የተጠሩበት ማዕረግ በእነዚህ ድንጋዮች ላይ የሥርወ መንግሥት ስም ሆኖ ተጽፏል።

ከሐሪስ መልእክተኞች አንዱ የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ማርቲን በርናትስ፣ በጉዞው የሣላቸውን ሥዕሎች በ1852 በሁለት ክፍል አሳትሟል። አንደኛው ክፍል የአፋር ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋ ደጋ ይባላል። ለይፋት የራሱ ክፍል አልተመደበለትም።